ለሳሙና ኩባንያ ሐዘን ተቀመጥኩ

ጎበዝ፣ ይሄን ስነግራችሁ «ሽማግሌው ቀባጠረ» እንዳትሉኝ!

እኔ የአምቦ ነጋዴ፣ ዓይቼው ለማላውቀው ፈረንጅ ሐዘን ተቀምጫለሁ። ነጠላ አዘቅዝቄ! በገበያ ቀን! በገዛ ሱቄ ደጃፍ!

ሳቁ፣ ግዴለም። ሚስቴም እስከ ዛሬ ትስቃለች።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት ስትባል። አንድ የውጭ አገር የሳሙና ኩባንያ ከአዲስ ዓለም እስከ አምቦ ላለው ገበያ ወኪል ሊሾም ነው ተባለ። አንድ ብቻ! ያንን ያገኘ ነጋዴ በቃ፣ ሰው ሆነ ማለት ነው። እንቅልፍ አጣሁ።

ማኔጀሩ ሚስተር ሃንሰን ሱቄ መጣና በሾፌሩ አስተርጓሚነት፣ «ሻጭ ብቻ መሆን አንፈልግም፤ የከተማው ቤተሰብ መሆን ነው ሐሳባችን» አለኝ። ዛሬ እናንተ «ኮሙኒቲ ኢንጌጅመንት» የምትሉት መሆኑ ነው።

እኔ ብልጡ ምን ብል ጥሩ ነው?

«እድር ግቡ!»

በእኛ ከተማ ሰው ቤተሰብ የሚሆነው እድር ሲገባ ነዋ! ኩባንያው ደስ አለው። መዋጮውን ከፍሎ ድንኳንም መረቀበት። ድንኳኑ ላይ ግን ሳሙና ይዛ የምትስቅ ሴት በትልቁ ተስላለች። ለለቅሶ ቤት! ጥርሷ ብቻ ክንድ ይሞላል።

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዲንሳ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ኮስተር ያሉ፣ ነገር የማያበዙ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «መልካም። ኩባንያው ሐዘን ሲደርስበት ማን ቤት ነው የምንቀመጠው?»

«እኔ ቤት!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ኩባንያ ይሞታል እንዴ?

አይሞትም። የማኔጀር አባት ግን ይሞታል!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ዛሬ ጌታዬ ውሉን ሊፈርም ይመጣል። ፊቱ ቢጠቁርብህ አትቀየመው፤ አባቱ አገራቸው ሞተውበት ነው።» እኔ አፌ አያርፍ፣ ለኦቦ ዲንሳ ነገርኳቸው።

ጡሩምባ ተነፋ!

ከመቅጽበት ድንኳኑ ሱቄ ደጅ ተተከለ። ሳቂታዋ ሴት ከላይ፣ እኔ ከታች። ገበያተኛው ሸቀጡን እየጣለ መጣ። አስለቃሿ ጠጋ ብላ፣ «ሟች ምን ጀግንነት ሠርተዋል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ልጃቸው ሳሙና ይሸጣል» አልኳት። ወዲያው አወረደችው፦

አጥቦ ያነጣን ሰው አባት ሞተ ዛሬ፣
ዕድፍ በዕድፍ ሆነች እንግዲህ አገሬ።

ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። እኔም እየየዬን አስነካሁት።

በዚህ መሐል ጂፑ መጣ። ሚስተር ሃንሰን ወርዶ፣ «ማን ሞቶ ነው?» አለ። ሾፌሩ በጆሮው፣ «የእርስዎ አባት» አለው።

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ! ለካ ቤተሰብ ወዳዱ ኩባንያ አባቱን ሄዶ እንዲቀብር ፈቃድ አልሰጠውም።

እኔ አሳዘነኝ። አልዋሽም፣ በዚያው አፍታ ደግሞ «ወኪልነቱ ኪሴ ገባ!» አልኩ በሆዴ።

ዓይኑን ጠራርጎ፣ «ይሄን ሁሉ ሰው የሰበሰበው ማነው?» ብሎ አስጠየቀ።

እኔ ነኛ! ብድግ ልል ስል ሴቶቹ ትከሻዬን ተጭነው አስቀመጡኝ።

«ታኢ! ተቀመጥ ወንድሜ! ሐዘንተኛ ይነሳል እንዴ?»

«ሐሳቡ እኮ የእኔ...»

«ውይ፣ ሐዘኑ ናላውን አዞረው! ውሃ አምጡለት!»

ኦቦ ዲንሳ የድንኳኑን ገመድ እያጠበቁ፣ «ጡሩምባ ያስነፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። ውሸት የለበትም።

ሚስተር ሃንሰን እጃቸውን ጨበጠ። «ኩባንያችን የሚፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው!» አለና ለውሉ ብሎ ይዞት የመጣውን ፎቶግራፍ አንሺ ጠቀሰው። እንባው እንኳ አልደረቀም!

ውሉን የት ተፈራረሙ? ሱቄ ውስጥ! ባንኮኒዬ ላይ! በበሩ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ኦቦ ዲንሳ ፈርመው ሲወጡ አጠገቤ ተቀመጡና፣ «ጀባዱ! በርታ ልጄ፤ ሐዘን ያልፋል» አሉኝ። የምራቸውን ነው እኮ!

እስከ ሠልስቱ ድረስ ደግሞ መነሳት የለም። ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያውን ቀን ያለቀስኩት ለይስሙላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ከአንጀቴ ነው። አስለቃሿ ራሷ፣ «የሰው አባት እንዲህ የሚያንገበግበው ሰው አላየሁም» ብላለች።

እስቲ ማርኬቲንግ የተማራችሁ ልጆች ፍረዱኝ። ኩባንያው ቤተሰብ ሆነ፣ ኦቦ ዲንሳ ወኪል ሆኑ፤ እኔስ ምን ሆንኩ?