የእትዬ ሊሻን “ምን አገባኝ” እና የአዶናይ ወንበር

በየሰፈሩ “እኔ ምን አገባኝ” ማለት የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ይህን የሚለው ደግሞ ሁሉም ነገር የሚያገባው ሰው ብቻ ነው። የእውነት የማያገባውማ ዝም ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። “እኔ ምን አገባኝ” ብሎ የጀመረ ሰው “ግን” ሳይል አያበቃም። “ግን” ካለ በኋላ ወንበር ሳቡለት፣ ቶሎ አይጨርስም።

በሆሳዕና የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት እትዬ ሊሻን ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፣ ስለዚህም የሚሽራቸው የለም። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ለአዲስ ዩኒፎርም ነጭ ጨርቅ መርጠው፣ ጸልየው ሊለያዩ ሲሉ እትዬ ሊሻን ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። “እኔ ምን አገባኝ፣ ግን በዚህ በእኛ ጭቃ ነጭ?” ብለው ተቀመጡ። መዘምራኑ ይኸው እስከ ዛሬ ቡናማ ለብሰው ይዘምራሉ። ጊምቢቹ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው፣ ሟቹን በደንብ እንኳ ሳያውቁት፣ “እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ዝናቡ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው” ብለው የተተከለ ድንኳን አስነቅለው አዙረዋል። ከዱራሜ ሲመለሱ ደግሞ “እኔ ምን አገባኝ፣ ግን የዚህ ጎማ ድምፅ ደስ አላለኝም” በማለታቸው የሚኒባሱ ተሳፋሪ በሙሉ ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆሟል።

የሚያናድደው ታዲያ ጣልቃ መግባታቸው አይደለም። ዝናቡ በዚያ በኩል መጣ። ጎማው ውስጥም ምስማር ተገኘ። ተሳስቶ ጣልቃ የሚገባን ሰው ስቀው ያልፉታል፤ ትክክል ሆኖ ጣልቃ የሚገባን ሰው ግን ማን ይችለዋል?

ጵርስቅላ አልቻለችም። ጵርስቅላ አስተማሪ ናት፤ የእትዬ ሊሻን የወንድም ልጅ የሶፎንያስ ሚስት። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አንድ አጥር ነው፣ እሱም በር አለው። ካገባች ጀምሮ መጋረጃዋን እትዬ ሊሻን መረጡላት፤ ምድጃዋ የሚቀመጥበትን ጥግ እትዬ ሊሻን አሳዩዋት። በራሷ የወሰነችው ነገር ቢኖር የልጇን ስም ነው፤ አዶናይ። እሱንም ያወጣችው እትዬ ሊሻን ለሠርግ ሀቢቾ በሄዱበት ቀን ነበር።

አዶናይ መቀመጥና ምግብ መቅመስ ሲጀምር ጣጣ መጣ። ቤተሰቡ የሚበላው በርጩማ ላይ ሆኖ ዝቅ ያለችውን ጠረጴዛ ከብቦ፣ ከአንድ ትሪ ነው። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይሆንና ትኩስ ጎመን ውስጥ መዳፉን ይነክራል፣ አይቡን ይበትናል፣ ቆጮውን ይጎትታል። ጵርስቅላ እሱን ስትከላከል ሌላው በልቶ ይነሳል። ከወለደች ወዲህ ሳይቀዘቅዝ የበላችው ምግብ ትዝ አይላትም።

ስለዚህ የመመገቢያ ወንበር ልትገዛለት ቆረጠች። በእረፍት ሰዓቷ ስልኳ ላይ ስታወዳድር ሰነበተች። አንደኛው ረጅም እግር ያለው፣ የራሱ ትሪ ፊቱ ላይ የተገጠመለት ነው። ሌላው ቡስተር የሚሉት ነው፤ እግር የለውም፣ የትልቅ ሰው ወንበር ላይ ይታሰራል፣ በርጩማ ላይ ወይም መሬት ላይም ይቀመጣል። አሰበችበትና ቡስተሩ ለቤቷ እንደሚሻል ወሰነች። ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ጠዋት ልጇን አዝላ በጓሮ በኩል ሹልክ ስትል፣ እትዬ ሊሻን አጥሩ ጋ ቆመው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

“ገበያ ነው? እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ልጅ አዝለሽ ብቻሽን አትሄጂም” አሉና ከእሷ ቀድመው ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

ባለ ሱቁ ሚክያስ ሁለቱን ወንበሮች ጎን ለጎን አስቀመጠ። ረጅሙ የእንጨት ነው፣ ቡስተሩ የፕላስቲክ። እትዬ ሊሻን በሬ እንደሚገዛ ሰው የረጅሙን እግሮች ነካኩ።

“እኔ ምን አገባኝ፣ ግን ለብቻው ትሪ ተሰጥቶት የሚበላ ሰው ያየሁት ሆስፒታል ነው። ልጅ የሚበላው ከሰው ጋር ነው። ከላይ ሆኖ እኛን ቁልቁል እያየ ምን ይማራል? አጭሩን ያዢ።”

አጭሩን ያዢ! ጵርስቅላ ከቤቷ የወጣችው አጭሩን ልትይዝ ነበር። አሁን ብትይዘው ግን የእሷ ምርጫ መሆኑ ቀረ። እንደ መጋረጃው፣ እንደ ምድጃው ሁሉ፣ ልጇም እትዬ ሊሻን በመረጡት ላይ ሊቀመጥ ነው። ደሟ ፈላ።

“ረጅሙን ስጠኝ” አለች።

“አልሰማሽኝም እንዴ ልጄ? እኔ ምን አገባኝ፣ ግን…”

“እውነት ነው እትዬ፣ ምን አገባዎት?”

ይህን ነገር ሆሳዕና ሙሉ በልቡ ሲለው ኖሯል፤ በአፉ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ሚክያስ ጎንበስ ብሎ ያልወደቀ ብሎን ይፈልግ ጀመር። እትዬ ሊሻን ነጠላቸውን ሰበሰቡ። “ልክ ነሽ” አሉና ወጡ። ባጃጅም አልጠሩ፣ በእግራቸው ሄዱ።

ወንበሩ ቤት ገባ። ዝቅ ካለችው ጠረጴዛ አጠገብ ሲቆም የአዶናይ እግር ሶፎንያስ ጆሮ ላይ ደረሰ። ሌላ ጠረጴዛ እንዳይፈለግ ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን የተቀመጠበት ብቻ ነው። ልጁን ለማጉረስ አንድ ሰው መቆም አለበት፣ የቆመ ሰው ደግሞ አይበላም። አዶናይ የሰዎቹን አናት ቁልቁል አየ፣ ወደ ትሪው እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰም፣ አለቀሰ።

“ትንሽ ከፍ አላለም?” አለ ሶፎንያስ፤ ትርፍ ቃል የማይወጣው ሰው ነው።

“አላለም” አለች ጵርስቅላ፣ ቆማ እያጎረሰች። ምግቧ እንደ ልማዱ ቀዘቀዘ።

እትዬ ሊሻን ቀሩ። የአጥሩ በር ሳይከፈት ይውላል። ጵርስቅላ በመጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀይ መጋረጃ ገዝታ ሰቀለች። “ይሻላል” አለች። በማግስቱም “ይሻላል” አለች። የተሻለው ሰው “ይሻላል” እያለ አይውልም። ውስጡ የበሰበሰ ሽንኩርት ገዝታ ስትመለስ የሚቆጣት ጠፋ። አዶናይ እሳቸው በሚመጡበት ሰዓት ወደ በሩ ማየቱን አልተወም፤ እሷም እሱን ተከትላ ታያለች።

አንድ ቀን ይህን በር እያየች ሳለ አንድ ነገር መጣላት። እትዬ ሊሻንን ማን ጠርቷቸው ያውቃል? መዘምራኑ አማክረዋቸው አያውቁም። ድንኳኑንም ሲተክሉ የጠየቃቸው የለም። እሷ ራሷ ስንት ዘመን አጥር ለአጥር ስትኖር፣ አንድም ቀን “እትዬ ይምጡ” አላለችም። ያልተጠራ ሰው “ምን አገባኝ” ብሎ ካልጀመረ በምን ይግባ? ለካ ያ ቃል በር ማንኳኳታቸው ነበር። አሳዘኗት፤ በራሷም ተናደደች።

ከሚክያስ መጋዝ ተዋሰች። ልጇን አዝላ፣ ወንበሩን ተሸክማ የአጥሩን በር በእግሯ ገፋችው። እትዬ ሊሻን ደጃፋቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ቀና አላሉም።

“እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት” አለች። “ወንበሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አልመልሰውም።”

“ማን መልሺ አለሽ? እኔ ምን አገባኝ።”

ጵርስቅላ “ግን” እስኪሉ ጠበቀች። አላሉም። አንዱን ባቄላ ፈልፍለው ሌላውን አነሱ። ወንበሩን ፊታቸው አስቀመጠች።

“ያገባዎታል” አለች። “ልጁ የእርስዎም ነው። የወንበሩን እግር ላሳጥር ነው፣ ይያዙልኝ።”

እትዬ ሊሻን ባቄላውን ወደ ጎን አደረጉ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ወንበሩን ግጥም አድርገው ያዙ። መጋዙ ሲንጫጫ አዶናይ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሳቀ። አራተኛው እግር ሲወድቅ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ለኩ።

“ያኛው እግር ረዝሟል” አሉ። ምን አገባኝ አላሉም።

“አልረዘመም” አለች ጵርስቅላ።

ረዝሟል። ወንበሩ ዛሬም ይወዛወዛል። የፊቱ ትሪ ወልቋል፤ አዶናይ ከሰው ሁሉ እኩል ተቀምጦ እጁን የጋራው ጎመን ውስጥ ይነክራል። እትዬ ሊሻን ከጎኑ ሆነው ያጎርሱታል፣ ምሳ ሲደርስ የምትጠራቸው ጵርስቅላ ናት፣ እሷም በትኩሱ ትበላለች። ቀይ መጋረጃው አልወረደም።

“ያ እግር ረዝሟል” ይላሉ እትዬ ሊሻን በየምሳው።

“አልረዘመም” ትላቸዋለች ጵርስቅላ፣ ወጥ እየጨመረችላቸው።