ግልባጭ፦ ለሁሉም ሰው

በየከተማው መልካም ነገርን ብቻውን ይዞ መቀመጥ የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ የሚነግርህ እሱ ነው። ጎበዝ የጥርስ ሐኪም ካገኘ ሳትጠይቀው አድራሻውን ይሰጥሃል፤ ጥርስህን ባያምህም እጅህን ይዞ ይወስድሃል። ስሙ እንደየአገሩ ይለያያል እንጂ ሰውየው አንድ ነው። አምቦ ላይ ሌንጂሳ ይባላል፤ ይዞ መቀመጥ ያቃተው መልካም ነገርም፣ ፈጣሪ ይጠብቀንና፣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው።

ክቡር አቶ ሌንጂሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ አንዳንዴም አለቃው አይስማና በሥራ ሰዓት፣ የ«ሰገሌ» ብሎግ መሥራች፣ ባለቤት፣ ዋና አዘጋጅ፣ ፎቶ አንሺና ዘበኛ ነው። ሰገሌ በኦሮምኛ ድምፅ ማለት ነው። ብሎጉ በ2010 ዓ.ም. ሲከፈት «ውድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቤተሰቦች ሆይ» ብሎ ሰላምታ ያቀረበላቸው ቤተሰቦች ሦስት ነበሩ፦ ራሱ፣ ራሱ በሌላ አካውንት፣ እና ዶርቃስ። ዶርቃስ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ክፍል ረዳት ናት፤ የሰገሌ ቤተሰብ የሆነችውም ብሎግ ላይ ፎቶ እንዴት እንደሚለጠፍ ሊጠይቃት በመጣ በአራተኛው ቀን፣ ከልመናው ለመገላገል ነው።

የሰገሌን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የአዘጋጁን ሙያ ለመገመት አይቸገርም። ሌላው ስለ ሙዚቃ ሲጽፍ ስሜቱን ይገልጻል፤ ሌንጂሳ ደብዳቤ ይጽፋል። «ቁጥር ሰገ/042/11። ጉዳዩ፦ አዲስ ቢት መውጣቱን ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የእንጭኒው ወጣት ባለሙያ በላፕቶፑ የሠራው የአምስት ደቂቃ ሙዚቃ ከሦስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሆኖ ስለተገኘ፣ አንባቢያን አዳምጣችሁ አስፈላጊውን ጭፈራ እንድታደርጉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለሁሉም ሰው።»

ግልባጩ ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በእውነት ለሁሉም ሰው ይሄዳል። ለቀበሌው ቴሌግራም ግሩፕ ይሄዳል፣ ለዕድሩ ይሄዳል፣ ስምንተኛ ክፍል አብረውት ለተማሩት ይሄዳል። የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ ካየ ከሥሩ «ውሃው እስኪመጣ ይህን እያዳመጣችሁ ጠብቁ» ብሎ ሊንክ ያስቀምጣል። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ካየ «ለተወዳዳሪዎች መልካም ዕድል፤ ለወደቃችሁ ደግሞ ይኸው መጽናኛ» ይላል። አንድ ጊዜ የሐዘን መግለጫ ሥር «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ በኋላ እጁ ለምዶበት ሊንኩን አስከተለ። ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት እየተመላለሰ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታ ካደረጉለት መካከል ሁለቱ የሰገሌ ተከታይ ሆነው ወጡ።

ማንኛውም ሙዚቃ ሰገሌ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈተና አለበት። «ሙዚቃ በጆሮ ማዳመጫ አይታወቅም» ይላል ዋና አዘጋጁ፤ «ባጃጅ ላይ ነው የሚታወቀው!» ፍላሹን ይዞ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባጃጅ ይሳፈራል፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ይህችን ሰካት» ይላል፣ እስከ ገበያ ድረስ የሾፌሩን እጅ ብቻ እያየ ይሄዳል። ሾፌሩ ድምፁን ከጨመረ ሙዚቃው አለፈ። ከቀነሰው «ተሻሽሎ ይቅረብ» ተብሎ ይመለሳል። አንድ ሾፌር ፍላሹን ነቅሎ መንገድ ላይ ወርውሮበታል፤ የዚያ ሙዚቃ ሠሪ እስከ ዛሬ ውጤቱ አልተነገረውም።

ዶርቃስ በዚህ ሁሉ ትስቅበት ነበር። ስትስቅበት ግን የማትነግረው አንድ ነገር ነበራት። እሷም ሙዚቃ ትሠራለች።

እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር ኪቦርድ የምትጫወተው እሷ ናት። አባቷ ኦቦ ፍሮምሳ በጡረታ ላይ ያሉ ነርስና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ልጃቸው ኪቦርዱ ላይ ስትቀመጥ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሆነው እንባቸው ይመጣል። በተረፈው ቀን ዶርቃስ ላፕቶፗን ከፍታ የሰፈራቸውን ወፍጮ ቤት ድምፅ ትቆራርጣለች። ዱክ ዱክ የሚለውን ሞተር በስልኳ ቀድታ ምት አደረገችው፣ ክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ከላዩ ደረበችበት፣ ከሥሩ እጇ ከኳየር የለመደውን ኮርድ አስገባች። ሁለት ዓመት ፈጀባት። ምኞቷ አንድ ነበር፦ የማታውቀው ሰው እንዲሰማው። ፍርሃቷም አንድ ነበር፦ አባቷ እንዳይሰሙት። የጭፈራ ቤት ነገር ውስጥ ገባች ብለው እንዳያዝኑባት።

ሌንጂሳ ያወቀው በአጋጣሚ ነው። አንድ ከሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ሲገባ የዶርቃስ ማዳመጫ በደንብ አልተሰካም ኖሮ፣ ወፍጮው ክፍሉን ሞልቶ ይደበድባል። እሷ ደንግጣ ስትዘጋው እሱ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ዱጋ? እውነት? ይህን አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ማንም አልሠራውም። ውጣ።»

«ዶሪ! ይህ እኮ ባጃጅም አያስፈልገው! ባይኤ ገሪዳ! በጣም ጥሩ ነው! ባይኤ ባይኤ ገሪዳ!» ጣሪያውን የሚነካ ይመስል ዘለለ። «ዛሬውኑ ቁጥር ይወጣለታል!»

አንድ ሰዓት ተከራክረው እሺ ያለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር። ስሟ አይጠራም። የሠሪው ስም «ወፍጮ» ብቻ ይባላል፤ ሌንጂሳም በእናቱ፣ በሥራውና በሰገሌ ማለ። ይህ ሰው በዕድሜው ምስጢር ጠብቆ አያውቅም፤ ሌላ ሰው ሲጠብቅም አላየም። ቢሆንም ቃሉን ጠበቀ። ብሎጉ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀው ታላቅ ባለሙያ ወፍጮ» ብሎ ጻፈ፣ ግልባጩን ለሁሉም ሰው ላከ። በሁለት ሳምንት አርባ አንድ ጊዜ ተደመጠ። ከአርባ አንዱ ሠላሳው የሌንጂሳ ነው፤ «ማሟሟቂያ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ዶርቃስ ቁጥሩን ስታይ ነገሩን ልትተወው አሰበች።

በዚህ መሃል የሞባይል ዳታ ጠፋ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ሳምንት። ሌላው ጦማሪ ቢሆን ተኝቶ ያርፍ ነበር። ሌንጂሳ ግን ከዶርቃስ ላፕቶፕ ሙዚቃውን ፍላሽ ላይ ገለበጠና «ኔትወርክ ከሌለ ብሎጉ በእግሩ ይሄዳላ!» አለ። ቅዳሜ እንጭኒ ገበያ ዋለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአውቶቡስ ባኮ ወረደ።

በእነዚህ ከተሞች ሙዚቃ የሚገኘው ከኢንተርኔት አይደለም። ሰው የስልኩን ሚሞሪ አውጥቶ ለዘፈን ጫኚው ይሰጣል፣ ጫኚው ከኮምፒውተሩ ሞልቶ ይመልስለታል። ባኮ ላይ ይህን የሚሠራው ኤጄታ ይባላል። ኤጄታ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ፎልደር አለው፦ ዘፈን፣ መዝሙርና ፊልም። ሌንጂሳ ፍላሹን ሲሰጠው ቁጥርና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አብሮ ሰጠው፣ ስለ ወፍጮ ታላቅነት ሩብ ሰዓት ተናገረ፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ያደረገው ዋና አዘጋጅ ግን የፋይሉን ስም መለወጥ ረስቷል። ፋይሉ ዶርቃስ ላፕቶፗ ላይ እንደሰየመችው «ዶርቃስ ፍሮምሳ የመጨረሻ 7» ይላል።

ኤጄታ ስሙን አየ። ዶርቃስ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም። ከፍቶ ሰማው፤ ቃል የለውም፣ ኮርዱ የኳየር ነው። «የመዝሙር ክላሲካል» አለና መዝሙር ፎልደር ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ «መዝሙር ሙላልኝ» ላለ ሰው ሁሉ ሚሞሪ ላይ የዶርቃስ ወፍጮ ገባ። የበቆሎ ነጋዴው ስልክ ላይ ገባ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ጋ ገባ፣ ሦስት የወጣት ኳየሮች ጋ ገባ።

ዳታ በተመለሰ ማግስት ሌንጂሳ እያለከለከ ኮምፒውተር ክፍል ደረሰ። ኤጄታ ደውሎለት ነበር።

«ዶሪ! ባኮን ያዝናት! ሕዝቡ እያሸበሸበበት ነው! ‹የዶርቃስ ክላሲካል አለህ ወይ› እያለ ነው የሚጠይቀው!»

ዶርቃስ ከወንበሯ ተነሣች። «የማን?»

ያን ጊዜ ነው ክቡር ዋና አዘጋጁ የሠራውን ያወቀው። የዚያን ቀን ይቅርታ የጻፈላት በደብዳቤ ነበር፤ ቁጥር የለውም፣ ግልባጭም የለውም። እሷ ግን ሳታነበው መሳቢያ ውስጥ ጣለችው፣ ሁለት ሳምንትም አላነጋገረችውም። ከንዴቷ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነው። የአጎቷ ልጅ ጣቢታ በጥር የምታገባው ባኮ ላይ ነው፤ ኦቦ ፍሮምሳም የክብር እንግዳ ናቸው።

የሠርጉ ቀን የባኮ ሙቀት ድንኳኑን አግሎታል። የድምፅ መሣሪያውን የሚያጫውተው ኤጄታ ነው። ከጎኑ ማይክ ይዞ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ላቡን እየጠረገ የቆመው ደግሞ ሌንጂሳ ነው፤ ማን እንደጠራው የሚያውቅ የለም። ዶርቃስ ስታየው ፊቷን አዞረች። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ምሳ ተበላ፣ ሁለት መዝሙር አለፈ። ሦስተኛው ላይ ኤጄታ እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ነካ።

ዱክ ዱክ ዱክ።

ድንኳኑ ተነሣ! ሽማግሌ አልቀረ፣ ሚዜ አልቀረ፣ ወጥ ቤት የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወጡ። ኮርዱ ሲገባ እልልታው ቀለጠ፤ ዝናቡ ሲመጣ ጣቢታ ቬሎዋን ሰብስባ ዘለለች። ዶርቃስ የማታውቃቸው ሰዎች፣ መቶ ሁለት መቶ የሚሆኑ፣ በእሷ ወፍጮ ያሸበሽባሉ። ዶርቃስ ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖ ምሰሶ ያዘች፤ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለባት አላወቀችም። አባቷን እስክታይ ድረስ ነው ይህ ሁሉ። ኦቦ ፍሮምሳ በሕዝቡ መካከል እየተጋፉ ወደ ድምፅ መሣሪያው ሲሄዱ አየች፣ ተከተለቻቸው።

«ሌንጂሳ» አሉ ኦቦ ፍሮምሳ ጆሮው ላይ ተጠግተው። «አንተ ሙዚቃ ታውቃለህ ይላሉ። ይህ ክላሲካል የማን ነው? ለኳየራችን ቃል ብናበጅለት ደግ ነበር።»

ሌንጂሳ አያቸው። ከኋላቸው ዶርቃስን አያት። በዕድሜው ሙሉ ሲመኘው የኖረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማይኩም እጁ ላይ ነው። ኦቦ ፍሮምሳ መነጽራቸውን አስተካክለው የፋይሉን ስም ሊያነቡ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ሲሉ፣ ሌንጂሳ መዳፉን ዘርግቶ ስክሪኑን ሸፈነው።

«አላውቅም፣ ኦቦ ፍሮምሳ» አለ። «ስለዚህኛው እንኳ ምንም አላውቅም።»

ግንባሩ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል። ያን ቃል ከአፉ ለማውጣት የከፈለውን ዶርቃስ ብቻ ነበረች የምታውቀው፤ እዚያው ቆማ እንደ ወንድሟ ወደደችው። ሳታስበውም የአባቷን ክንድ ያዘች።

«የእኔ ነው፣ አባዬ።»

«ምኑ?»

«ሙዚቃው። እኔ ነኝ የሠራሁት። የሚደበድበው የሰፈራችን ወፍጮ ነው። መዝሙር አይደለም… ግን መጥፎ ነገርም አይደለም።»

ኦቦ ፍሮምሳ ልጃቸውን አዩ፣ የሚያሸበሽበውን ሕዝብ አዩ፣ ደግሞ ልጃቸውን አዩ። «ቤት ስንገባ እንነጋገርበታለን» አሉ፤ ፊታቸው አልተፈታም። ትከሻቸው ግን ከወፍጮው ጋር መሄዱን አልተወም። ሙዚቃው ሊያልቅ ሲል ወደ ኤጄታ ዞሩና «ምን ትጠብቃለህ? ከመጀመሪያው አስጀምረዋ!» አሉት።

ወፍጮው እንደገና ተነሣ። ሌንጂሳ መዳፉን ከስክሪኑ ላይ አላነሣም ነበር፤ ዶርቃስ ቀስ ብላ አነሣችለት።

«በል፣ አሁን ንገራቸው» አለችው።

ሌንጂሳ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና ቆም አለ። «ወፍጮ ብዬ?»

«በስሜ» አለች ዶርቃስ። «ከነአባቴ ስም።»