ለድልድይ የተቀመጠ ልቅሶ

በየአገሩ ማንም ሳይሾመው የአንድ ነገር ባለቤት የሚሆን ሰው አይጠፋም። አንዱ የሰፈሩን ዋርካ ይጠብቃል፣ ሌላው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር። ከእንፍራንዝ ወጣ ብላ ባለችው መንደር ደግሞ ክቡር አያ ሰውአገኝ አሉ፤ በገዛ አዋጃቸው የአሮጌው የድንጋይ ድልድይ አለቃ።

ጭነት የያዘ በቅሎ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይሻገርም። «ቀስ በል! አያትህ የሠራው መሰለህ?» ከጎንደር የመጣ እንግዳ ከተገኘማ ጉድ ፈላ። ከቅስቱ ሥር ይዘውት ይወርዱና ኖራውን በጥፍራቸው እየነካኩ እስኪርበው ያስረዱታል። «ድንጋዮቹ እኮ የተጣሉ ናቸው። ሁሉም መውደቅ ይሻል፤ ጎረቤቱ አላሳልፍህም ስላለው ነው የቆመው። ሸጋ ጠብ አይደለም?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ድልድዩን እንደ ጣውንት ነው የሚያዩት። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ያፈሳል፤ ባል ግን ድልድዩ ላይ የበቀለ ሣር ይነቅላል። «ምነው አልጋህን እዚያው አታነጥፍም?» ይሏቸዋል።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ከደጋው ግንድ ጠራርጎ መጣ። ሕዝቡ ቆሞ እያየ መካከለኛው ቅስት ተናደ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አያ ሰውአገኝ አልጮሁም። ቤት ገብተው ወደ ግድግዳው ዞረው ተቀመጡ፤ እህል በአፋቸው አልዞረም። በማግሥቱም እንደዚያው። ወይዘሮ የትነበርሽ መጀመሪያ ተናደዱ፤ ኋላ ግን ፈሩ። ባላቸው እየሞቱባቸው ነበር።

ጎረቤታቸው ዓይናዲስ ዳቦ ይዛ ገባች። «እዝን ነው» አለች። እዝን ለድንጋይ! ወይዘሮ የትነበርሽ ሊስቁ ምንም አልቀራቸው። ግን ከኋላዋ ሌሎችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ድልድዩ ላይ ሲሰደብ የኖረው በቅሎ ነጂው ፋንታሁን ሳይቀር።

«እግዜር ያጥናዎ፣ አያ» አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። «እናቴን ተሸክሜ ያሻገርኋት በሱ ላይ ነው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው፤ የመንደሩ ሙሽራም ሬሳም ያለፈው በዚያ ድልድይ ነው። ሴቶቹ አለቀሱ። ወይዘሮ የትነበርሽም እንባቸው መጣ፤ ለጣውንታቸው ሲያለቅሱ ትንሽ አፈሩ።

አያ ሰውአገኝ ግን አልተነቃነቁም። ወይዘሮ የትነበርሽ ከዳቦው ቆርሰው በባላቸውና በግድግዳው መካከል ተሸጎጡ፤ ጉርሻውንም ከአፋቸው አደረሱት።

«እሱስ አልቃሽ አላጣ» አሉ። «አንተ ከሞትህብኝ እኔ ማን አለኝ?»

አያ ሰውአገኝ ቀና ብለው ሚስታቸውን አዩ። ከዚያም አፋቸውን ከፈቱ፤ ለጉርሻው እንጂ ለማስረዳት አልነበረም።