ምንም የማትጭን መኪና ስንት ታወጣለች?

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ዛሬም ድረስ ልጅነቴን ይዞብኝ ይመጣል። ተማሪዎች ሳለን ጨጨሆን ተሻግረው ወደ ንፋስ መውጫ የሚገቡትን የጭነት መኪኖች ሽታቸው ይቀድማቸው ነበር። እኛም ከክፍል ሳንወጣ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ፣ በአፍንጫችን ብቻ «ኤንትሬ ናት!» «የለም፣ ተሳቢ ናት!» እየተባባልን እንወራረድ ነበር።

ሰው ሁሉ ይገምታል። ግን በየከተማው አንድ ሰው አለ፤ ራሱ የማይገዛ፣ የማይሸጥ፣ ነገር ግን እሱ ዋጋውን ካልተናገረለት ዕቃው ዕቃ የማይሆን። በእናንተም ከተማ አለ፤ አትካዱ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስታልፉ ቁልቁል አይቶ «በስንት ያዝከው?» ይላችኋል። ስትነግሩት ደግሞ «ተበላህ!» ብሎ ቀናችሁን ያበላሸዋል።

የእኛው ግን ማዕረጋቸው ከፍ ያለ ነው። ክቡር ሊቀ ገማቾች አያ ታፈረ «በስንት ያዝከው?» ብለው አይጠይቁም። እሳቸው ይናገራሉ፤ የምንጠይቅ እኛ ነን።

አያ ታፈረ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሃያ ዘጠኙን ዓመት ከወረታ ወልድያ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መንበራቸው የመሐሪ ጎሚስታ ቤት ነው። መሐሪ ጎማ ሲለጥፍ እሳቸው ፍራሽ በተነጠፈበት አሮጌ የተሳቢ ጎማ ላይ ተቀምጠው በበሩ የሚያልፈውን ዓለም ይተምናሉ። ደብሩ አዲስ ደወል ያስመጣ ጊዜ፣ ደወሉን ሳያዩት፣ ቤታቸው ጋደም ብለው ድምፁን ብቻ ሰምተው ዋጋውን ተናገሩ። የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ደረሰኙን አውጥቶ ቢያይ በመቶ ብር ብቻ ስተዋል። ጸሐፊው አማተበ። አንድ መሥሪያ ቤት የመስታወት በር ሲያስገባም አንድ ጊዜ በከዘራቸው ጫፍ ቆርቆር አድርገው ዋጋውን ጠሩና «መጋረጃውን ሳይጨምር ነው» አሉ።

ሙያው የዘር ነው። አባታቸው አስራት በሚከፈልበት ዘመን ሰብል ገማች ነበሩ። ሰብል ገማች ማለት ገብሱ ገና ሳይታጨድ ማሳውን ዳር ዳሩን ዞሮ፣ አንድ ዛላ ቀጥፎ፣ በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ፣ ጥቂት ሰማዩን አይቶ፣ «ይህ ማሳ ይህን ያህል ጭነት ይወጣዋል» የሚል ሽማግሌ ነው። አያ ታፈረ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ሕግ ነው፤ እሱንም በቀን አሥር ጊዜ ያስታውሱናል፦ «ያልዞሩትን አይገምቱም!»

ካቻምና በጥቅምት፣ ባጃጅ ነጂው ዋሴ ስልኩን ወደ ላይ ይዞ እየሮጠ ገባ።

«ጋሼ! ይችን ስንት ይሏታል?»

«ማን ናት?»

«የውድድር መኪና ናት። ገና ገበያ አልወጣችም። ኩባንያው ዋጋዋን ደብቋል።»

«ደብቋል?» አሉ አያ ታፈረ፣ የተሰደቡ ያህል ቀና ብለው። ስልኩን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት። የዐይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃናቸውን ከዳር ወደ መሐል እየበላው ነበር፤ የሚታያቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ መሐሉ ብቻ ነው። «እስቲ አዙራት። ያልዞሩትን አይገምቱም።»

ዋሴ አዞራት። መኪናዋ ቀይ ናት፤ መሬት ላይ የተኛች የምትመስል፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ።

«ሠላሳ ሚሊዮን ብር!» አለ ዋሴ።

«ጎማዋ ብቻ ሦስት ባጃጅ ይገዛል» አለ መሐሪ፤ እሱ ዓለምን ሁሉ ከጎማ ተነሥቶ ነው የሚያሰላው።

«ሚሊዮን የሚሉትን ነገር አይቼው አላውቅም» አሉ አያ ታፈረ። «በሬ ግን አውቃለሁ። በጥንድ በሬ ንገሩኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎሚስታ ቤቱ ገንዘብ ጥንድ በሬ ሆነ። እኔም የሒሳብ መምህር ነበርኩና የምንዛሪው ሹም ሆኜ ተሾምኩ። በየገበያው ቀን የበሬውን ዋጋ ጠይቄ መምጣት ግዴታዬ ነው።

አያ ታፈረ መጀመሪያ ሁለት መቶ ጥንድ ብለው ከፈቱ። ከዚያ መቀነስ ጀመሩ። «ሁለት ሰው ብቻ? ታዲያ የታመመ ቢገጥማት የት ታጋድመዋለች? አሥር ጥንድ ቀንሱ።» በማግሥቱ ሆዷ ከመሬት ስንት ጣት እንደሚርቅ አስለኩ። «ይችማ የወገዳ ኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ቀን አታድርም። ሃያ ቀንሱ።» በሳምንቱ የአርብ ገበያን መንገድ አስበው ሌላ ሃያ ቀነሱ። መኪናዪቱ በየወረዳው እየዞረች ዋጋዋ ሲወርድ ከርማ፣ በጾመ ነቢያት አካባቢ ሰባ ጥንድ ላይ ደረሰች።

ዋሴ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ የነዳጅ መኪና እኮ ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል!»

«እኛ እንገምት አልን እንጂ እናስገባ አልን?»

ከዚያ አንድ ቀን ዋሴ የሞተሯን ድምፅ አገኘ። አያ ታፈረ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። አስደገሙ። ለሦስተኛ ጊዜም አስደገሙ። ከዘራቸውን አስደግፈው፣ ከቀነሱት አብዛኛውን መለሱና «መቶ ሰማንያ ጥንድ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ አንድ በሬ አልጨመሩም፤ አንድ በሬም አልቀነሱም።

ኢንተርኔቱ ጠፍቶ በከረመ ጊዜ ሌላ ከተማ ቢሆን ወሬው በሞተ ነበር። በእኛ ቤት ግን ያኔ ነው ግምቱ የደራው፤ የሚያስተባብል የለማ! ከባሕር ዳር የመጣ ሰው ሁሉ ገና ከሚኒባስ ሳይወርድ «ወጣ?» ተብሎ ይጠየቃል። «ምኑ?» ሲል፣ «ዋጋው ነዋ!»

ይህ ጩኸት ደግሞ ስማዳ ድረስ ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች አቧራ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

«ስለ ቀይዋ ነው የመጣነ» አሉ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት። «መቶ ሰማንያ ጥንድ በሬ ታህላለች ሲባል ልጃችን ገበያ ውሎ ሰምቷል። እኛ ያን ያህል አንልም። ለቀበሌያችን ሠላሳ ጥንድ የምታህል አንዲት የማረሻ መኪና ብትደርሰን ይበቃናል። ያስመዝግቡን።»

ዋሴ ሳቁን ለመደበቅ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ተደፋ። አያ ታፈረ ግን ከጎማው ላይ ተነሥተው ቆሙ።

«አባቶቼ፣ ይህች አታርስም።»

«እሽ፣ ትጫን እንጂ።»

«አትጭንም።»

«ገለባም?»

«ገለባም።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታዲያ ምን ትሆናለች ብለው ነው እንዲህ የሚደክሙባት?»

መሐሪ መዶሻውን አስቀመጠ። እንደዚህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ከመካከላችን አልነበረም።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ» አሉ አያ ታፈረ። «ስሄድ እህል፣ ስመለስ ጨው። አንዲት ቀን ባዶዬን ነድቼ አላውቅም። ዳገቱን ስወጣ ሞተሯ ስታቃስት አብሬያት ሳቃስት ኖርኩ። ሰው ምንም ሳይጭን፣ እንዲያው ለራሱ ብቻ፣ ያን ዳገት ቢወጣው… ይህ ነገር ስንት እንደሚያወጣ ሳላውቅ መቅረቱ ቆጨኝ።»

ሽማግሌው ረዘም አድርገው አዩዋቸው። «ይህስ ውድ ነው» አሉ፤ ባልንጀሮቻቸውን ይዘው ተመለሱ።

እኔም የዚያን ዕለት ነው በእሳቸው መሳቅ ያቆምኩት። እኔ ራሴ ስንት ነገር ሳልገምት እንዳረጀሁ ቤቴ ገብቼ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩ ለሒሳብ መምህር እንኳ የሚያስቸግር ሆነብኝ።

አያ ታፈረ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሜሮን ትባላለች፤ ባሕር ዳር ነርስ ናት። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ልትወስዳቸው ስትለምን ቆይታለች። እሳቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «ዋጋው ይታወቅና እመጣለሁ።» ኩባንያው ደግሞ፣ እግዜር ይስጠውና፣ ዋጋውን የሚገልጥበትን ቀን ሦስት ጊዜ አራዘመ። ባራዘመ ቁጥር መሐሪ ለሁላችንም ለስላሳ ይጋብዛል። ለምን እንደሚጋብዝ አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። እሳቸው የሌሉበት ያ ቤት ምን እንደሚመስል ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ የጎማ ክምር ነው።

ዘንድሮ በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ረፋድ ላይ ሜሮን መጣች። ሚኒባሱ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። የአባቷን ልብስ በአንዲት ሻንጣ ሸክፋ ይዛለች። ሻንጣውን ዱካ ሥር አስቀምጣ ዱካው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እንግዲህ ይበቃል። ባለፈው የዐይን ጠብታውን አራት ቀን ረስተውታል። እኔ የሰው አባት ሳስታምም እየዋልኩ የራሴን አባት እንዲህ ልተው?»

«ቃሌ ቃል ነው፣ ሜሮንዬ። ዋጋው የወጣ ዕለት አንዲት ሰዓት አልቆይም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ዋሴ ስልኩን ይዞ ገባ። አፉን ሊከፍት ሲል ሜሮንንና ሻንጣውን አየ። አፉን ገጠመ። ስልኩን መጀመሪያ ለመሐሪ፣ ቀጥሎ ለእኔ አሳየ።

ዋጋው ወጥቷል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ለአያ ታፈረ የምታነብላቸው ከሆነ እባክህ እዚህ ላይ ዝለል። ቁጥሩን በልቤ በባለፈው ገበያ የበሬ ዋጋ አካፈልኩት። መቶ ሰባ ስምንት ጥንድ። በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ በአካል ባልዞሯት፣ ባልነኳት፣ በደንብ እንኳ ባላዩዋት መኪና ላይ በሁለት ጥንድ በሬ ብቻ ነው የሳቱት። አባታቸው ቢኖሩ ተነሥተው ይስሟቸው ነበር።

«ዋሴ ነህ?» አሉ፤ ኮቴውን ያውቁታል። «ኩባንያው ምን አለ?»

ዋሴ እኔን አየ። መሐሪ አጎንብሶ ያልተነፈሰ ጎማ መቀጥቀጥ ጀመረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪ በኮረጀ ቁጥር ጆሮ ስጎትት የኖርኩ ሰው ነኝ።

«ተራዘመ» አልኩ። «ለመስከረም።»

«ለመስከረም!» ፊታቸው በራ። «አላልኳችሁም? ጥሩ ዕቃ አይቸኩልም! መምህር፣ እንግዲህ የበሬውን ዋጋ እንደገና ታይልኛለህ፤ እርሻ ሲገባ በሬ ይወደዳል። አንተ ዋሴ፣ ያንን ድምፅ እስቲ ክፈተው።»

ሜሮን የራሷን ስልክ ከቦርሳዋ አወጣች። ጣቷ ጥቂት ሄዶ ቆመ። ዋጋውን አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በቀኝ እጃቸው በአየር ላይ ማርሽ እየቀየሩ፣ «ስሚ፣ ሜሮንዬ! ስሚ ባዶዋን ስትወጣ!» ይላሉ።

ሜሮን ከቦርሳዋ ትንሿን የዐይን ጠብታ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠች። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችባት። ሦስት ጣት አሳየችኝ፦ በቀን ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሻንጣቸውን እዚያው ዱካው ሥር ትታ፣ የራሷን ቦርሳ ብቻ አንሥታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች።