ሊቀ ማመልከቻ ጋሽ ውዱና ባለ አልጋዋ ሚኒባስ

ማኅተም ባለበት አገር ሁሉ ቢያንስ አንድ ጋሽ ውዱ ይኖራል። ይህን ስል አገሮችን ዞሬ መርምሬ አይደለም፤ የማውቀው ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ቢሆን በአብዛኛው ከመኪና መስኮት ነው ያየሁት። ነገር ግን በዚህ በአንዱ ጉዳይ፣ እንደ ልማዴ «ይመስለኛል» የምትለውን ቃል ሳላስቀድም እናገራለሁ። አንባቢም ያውቋቸዋል። ሰው ሁሉ «ነገ ተመለሱ» ሲባል አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ፣ እሳቸው ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። የፕላስቲክ አቃፊ ከብብታቸው አይጠፋም። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታያቸው ሻይ ልትጠጣ ትነሣለች፤ ጠጥታ ስትመለስም እዚያው ታገኛቸዋለች።

የእኛው፣ ክቡር ሊቀ ማመልከቻ ጋሽ ውዱ፣ በደባርቅና በዳባት መካከል ሃያ ስድስት ዓመት ሚኒባስ የነዱ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። እኔ በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቋንቋ የምማር ተማሪ ነኝ። ጋሽ ውዱ አይጮኹም፤ አይለምኑም፤ መማለጃም አይሰጡም። ያላቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እንቢታው ይጻፍልኝ።» አንድ ሹም «አይቻልም» ሲላቸው በትሕትና ጎንበስ ብለው፣ «መልካም ነው ልጄ፤ ይህንኑ ያልኸኝን በወረቀት አድርግና ፈርመህ ስጠኝ፤ እኔም በሰላም ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» ይሉታል። ደጋግሜ እንደታዘብሁት፣ በአፉ እንቢ ማለት የማይከብደው ሰው እስክሪብቶ ሲያነሣ እጁ ይዝላል።

ይህ ጠባያቸው በመሥሪያ ቤት ደጃፍ አይወሰንም። ቅዳሜ ገበያ በግ ሲገዙ፣ «ጤነኛ ነው» ያላቸውን ገበሬ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላቸው ጠየቁት። ሰውየው በጉን ጎትቶ ሌላ ገዥ ፍለጋ ሄደ። ጋሽ ውዱ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው፣ «በሽተኛ እንደ ነበረ በዚሁ ታወቀ» እያሉ ሲደሰቱ ዋሉ።

ትዳራቸውም ቢሆን የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ በለጠች ናቸው። ወጣቱ ውዱ ሽማግሌ ልከው ከተራራው ማዶ እስከ በየዳ ወረዳ ድረስ ቢያስጠይቁ፣ የልጅቱ አባት «ሾፌር መንገድ እንጂ ቤት የለውም፤ አልሰጥም» አሉ። ውዱ ራሳቸው በእግር ሄደው እንቢታው እንዲጻፍላቸው ጠየቁ። አባትየው መጻፍ ስለማያውቁ የነፍስ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱ ወረቀቱን ተመልክተው፣ «እኔ በዚህ እጄ ጋብቻ የሚከለክል ነገር አልጽፍም» ብለው ተነሡ። በአገሩ ሌላ የሚጽፍ ሰው ስላልተገኘ ሠርጉ ተደረገ።

እትዬ በለጠች ወገባቸውን ከታመሙ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። መተኛት ይችላሉ፤ ጥቂት ጥቂት መራመድም ይችላሉ፤ መቀመጥ ግን አይችሉም። አውቶቡስ ደግሞ የተሠራው ለተቀማጭ ነው። በየዳ ያሉት ታላቅ እኅታቸው እትዬ ስንቄም ዓይናቸው ስለጠፋ ከደጃፋቸው አይርቁም። ስለዚህ ሁለቱ እኅትማማች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ ኖሩ። በሚያዝያ መጨረሻ ግን እትዬ ስንቄ በስልክ፣ «በለጡ፣ የዘንድሮን ክረምት የምዘልቀው አይመስለኝም» አሏቸው።

በማግሥቱ ጋሽ ውዱ እንደ እሳቸው ጡረታ ወጥታ ግቢ ውስጥ የቆመችውን አሮጌ ሚኒባሳቸውን ከፈቱ። የፊት ሦስቱን ወንበሮች ትተው የኋላዎቹን ሁሉ ነቀሉ። አንዱ ወንበር እኔ ክፍል ገባ፤ እስከ ዛሬም የማጠናው እርሱ ላይ ተቀምጬ ነው። ዳባት ያለ አናጺ አልጋ ሠራ፤ በያጅ አልጋውን ከወለሉ ጋር አሠረው፤ የውኃ ጀሪካን፣ የቡታጋዝ ምድጃና መጋረጃ ተከተሉ። መኪናዋ አማረች። ሊብሬዋ ግን አሁንም «የሕዝብ ማመላለሻ፣ አሥራ ሁለት ወንበር» ይላል። እንደ ወረቀቷ ካልሆነች ዓመታዊውን ምርመራ አታልፍም፤ ምርመራ ካላለፈች ኢንሹራንስ አይገባላትም፤ ያለ ኢንሹራንስ ከደባርቅ አትወጣም። ወደ በየዳ የሚወስደው፣ የቧሂትን ዳገት የሚያሻግረው መንገድ ደግሞ ሰኔ ከገባ በኋላ ለአሮጌ ሚኒባስ አይሆንም። የነበረን ግንቦት ብቻ ነበር።

«አንተ የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል» አሉኝ ጋሽ ውዱ። እንቢ ማለትን በአፌም በጽሑፍም ስለማልችል የማመልከቻ ጸሐፊያቸው ሆንሁ።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። «ተሽከርካሪው ወደ ቤትነት ስለተለወጠ» ብዬ ጻፍሁ። የተሽከርካሪ ምዝገባ ሠራተኛው አቶ ሚናስ፣ ትሑትና ጠንቃቃ ሰው፣ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጋሼ፣ ቤት ከሆነማ ወደ ማዘጋጃ ነው የሚሄዱት። እኔ የምመዘግበው መኪና ነው።»

ማዘጋጃ ሄድን። እዚያ ያሉት ሰው በመስኮት አጮልቀው ጎማዎቿን ቆጠሩና፣ «ይህ ቤት ዛሬ እዚህ አድሮ ነገ አዲ አርቃይ ቢያድር ግብሩን ማን ሊሰበስብ ነው?» አሉን።

«እንቢታው ይጻፍልኝ» አሉ ጋሽ ውዱ።

«እኔ እንቢ አላልሁም አባቴ። ጠየቅሁ እንጂ።»

ጋሽ ውዱ ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ይህ ሰው ሩቅ ይደርሳል» ብለው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለተኛውም ጥፋት የእኔ ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከፋል። «ቤት» የምትለው ቃል ስላሳፈረችኝ ሌላ ፍለጋ ከመጻሕፍት ጋር ሁለት ቀን ዋልሁ። አስጎብኚዎቹ «ካምፐር» ይሉታል፤ ለመንግሥት ማመልከቻ ክብር የሚመጥን ግን አልመሰለኝም። በመጨረሻ ግእዙ አንድ ቃል ሰጠኝ፦ ማኅደር። ኀደረ ማለት አደረ ነው፤ ማኅደር ማደሪያ ነው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «ይህ ማኅደር ተመዝግቦ ቁጥር እንዲሰጠው በታላቅ ትሕትና እናመለክታለን» ብዬ ጻፍሁ። ማኅደር በመሥሪያ ቤት አማርኛ ፋይል ማለት መሆኑን፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከሰው ሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባኝ እኔ ረሳሁት።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቷል። አቶ ሚናስ አንብበው ማኅደር መክፈት ተገቢ ጥያቄ ሆኖ ስላገኙት ወደ መዝገብ ቤት መሩት። በሳምንቱ ስንመለስ «ተመዝግቧል፤ ቁጥሩም ይኸውላችሁ» ተባልን። ጋሽ ውዱ ቆባቸውን አውልቀው አመሰገኑ። ሊብሬው የታለ ብለው ሲጠይቁ ግን ያመጡላቸው ቡናማ ካርቶን ነው፤ በላዩ የጋሽ ውዱ ስም፣ በውስጡ የእኔ ማመልከቻ ብቻ አለ።

ግንቦት ሊያልቅ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ ገብቶኝ በዚያው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ስለ ግእዙ ግስም ሳልጠየቅ አብራራሁ፤ ይህም ነገሩን አላሻሻለውም። ጋሽ ውዱ አልሰሙኝም። ካርቶኑን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይዘው ትኩር ብለው ያዩታል።

«ሚናስ ልጄ፣ ይህ ማኅደር ተከፍቷል?»

«ተከፍቷል ጋሼ።»

«የተከፈተ ማኅደር ያለ ውሳኔ ይዘጋል?»

ከኋላችን የተሰለፈ አንድ በቅሎ አከራይ፣ «አይዘጋም፤ የእኔ እንኳ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ።

«እንግዲያው» አሉ ጋሽ ውዱ፣ «ወይ ፈቀድሁ ብለህ ዝጋው፤ ወይ ከለከልሁ ብለህ፣ የከለከለህን አንቀጽ ጠቅሰህ ጻፍና ዝጋው። እስከዚያ እኔ እዚህ አለሁ።»

አቶ ሚናስ መመሪያውን ከመደርደሪያ አወረዱ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው ብያለሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ጋሽ ውዱ ወንበር ሳቡ። እኔ ከጎናቸው ቆምሁ። ከሰዓት በኋላ አቶ ሚናስ የመጨረሻውን ገጽ ገልብጠው፣ ራሳቸውም የተገረሙ መስለው፣ «በመኪና ውስጥ መተኛትን የሚከለክል አላገኘሁም» አሉ። ከዚያ የምርመራ ባለሙያውን ይዘው ወጥተው አልጋውን ገፉ፣ ሳቡ፣ በመጨረሻም አቶ ሚናስ ጫማቸውን አውልቀው ተኙበት።

«ምቹ ነው» አሉ ጣሪያውን እያዩ። «ቀበቶ ግን ያስፈልገዋል። መንገዱ ሲታጠፍ ሰው ይወድቃል።»

ሮጬ ሄድሁ። ክፍሌ ያለው ወንበር ቀበቶው አልተፈታለትም ነበር፤ ነቅዬ አመጣሁት፤ በያጁ ከአልጋው ጋር አገናኘው። በሊብሬው ላይ ለአልጋ የተተወ ቦታ ስላልነበረ አቶ ሚናስ በገዛ እጃቸው ጻፉ፦ «ተንቀሳቃሽ ማደሪያ። ወንበር ሦስት። አልጋ አንድ፤ ከነቀበቶው።» ማኅተሙን ሲመቱ ሰልፈኛው አጨበጨበ። በቅሎ አከራዩ የራሱን ማኅደር ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጋሽ ውዱ ሰጣቸው።

የቀረው ኢንሹራንስ ነበር። እትዬ በለጠችን አልጋው ላይ አስተኝተን ከድርጅቱ ደጃፍ ቆምን፤ ልትመዘግበን የወጣችው ወጣት ሠራተኛ በተከፈተው በር አንገቷን አስገብታ አየች።

«ምድጃው በጉዞ ላይ ይበራል?»

«አይበራም። ስንቆም ወርዶ በደጅ ነው» አሉ ጋሽ ውዱ።

ልጅቱ ይህን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋ ቆመ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ተቸገርሁ። ቅጹ ተሳፋሪና ጭነት ነው የሚለው። ተሳፋሪ የሚቆጠረው በወንበር ነው። የተኛ ሰው የቱ ነው?»

ጋሽ ውዱ አፋቸውን ከፈቱ። ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ልጅቱም ሳታውቅ አልቀረችም። ነገር ግን የቀደሙት ከአልጋው ላይ እትዬ በለጠች ናቸው።

«ጭነት ብለሽ ጻፊኝ የኔ ልጅ። ጤፍም በይኝ፣ ገብስም በይኝ፤ ብቻ እኅቴ ዘንድ የሚያደርሰኝን ጻፊ።»

ሊቀ ማመልከቻው የከፈቱትን አፍ መልሰው ገጠሙ። ልጅቱ ወደ ውስጥ ገብታ ከአለቃዋ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች። ቅጹን ለእትዬ በለጠች ራሳቸው አነበበችላቸው፦ «ተሳፋሪ አራት፤ ከእነዚህ አንዷ ተኝተው የሚጓዙ።»

«አንቱ ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?» አሉ እትዬ በለጠች።

«አዎ እማዬ።»

«ተባረኪ።»

ግንቦት ሃያ ስምንት ቀን ቦሎው በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ ከደባርቅ ወጣን። ጋሽ ውዱ ይነዳሉ፤ እኔ ከጎናቸው አቃፊውን እይዛለሁ። መንገዱ በሚያቋርጠው ብሔራዊ ፓርክ በር፣ በእያንዳንዱ ኬላ ጋሽ ውዱ መኪናዋን ቀስ አድርገው መስታወቱን ያወርዳሉ፤ ጠባቂው ሁሉ ወረቀት ሳይጠይቅ በእጁ «እለፉ» ይለናል። ቧሂትን በጉም ውስጥ አለፍን። ከኋላ እትዬ በለጠች በመስኮት የሚያዩትን ሁሉ ጮክ ብለው እየነገሩን፣ ድሮ የሚያውቁት ነገር ከነበረበት ጠፍቶ ሲያገኙትም እየተቆጡ፣ በየዳ ገባን።

እትዬ ስንቄ በደጃፋቸው ተቀምጠው ነበር። ደግፌ ወደ መኪናዋ አስገባኋቸው። የእኅታቸውን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ንቅሳቱን። ከዚያ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ ግድግዳውን ዳሰሱ።

«በለጡ፣ ይህ ቤት ነው መኪና?»

«እርሱን በደባርቅ አልጨረሱትም።»

«ይተዉት። ጠጋ በይልኝ» አሉ እትዬ ስንቄ፤ ነጠላቸውንም ሰብስበው ከጎናቸው ተኙ። ሁለቱ በአንድ አልጋ ሆነው ማውራት ሲጀምሩ እኛ ወጣን፤ ጋሽ ውዱ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ይህ ሁሉ ድል ሆኖ ሳለ፣ ጋሽ ውዱ ከመኪናዋ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አንዳች የጎደላቸው መስለው አየኋቸው። አንድ ትራፊክ ፖሊስ መጣ፤ ጋሽ ውዱ አቃፊውን ከእጄ ተቀብለው ብድግ አሉ። ፖሊሱ «እንኳን ደኅና ገባችሁ አባቴ፤ መኪናዋ ታምራለች» ብሎ አለፈ። ጋሽ ውዱ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ራሴ አላምነውም፤ በሕይወቴ የማላውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሜ አላውቅምና። ሮጬ ደረስሁበት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወረቀታችንን ቢጠይቁን?»

«ምን ጉድለት አለበት?»

«ምንም የለበትም። ችግሩም እርሱ ነው።»

ፖሊሱ ወደ ኋላ ዞሮ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡትን ሰው፣ በጉልበታቸውም ላይ ያለውን አቃፊ አየ። «አባትህ ናቸው?» አለኝ።

አንድ ቃል ከመዝገበ ቃላት ሳላመሳክር የማልጽፈው እኔ፣ ሳላስብ «አዎ» አልሁ።

ፖሊሱ ቆቡን አስተካከለ፤ ፊቱን አጠቆረ፤ ተመለሰ። «አባቴ፣ ሊብሬ፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ይዘው እንደሆነ ላያቸው ነው።»

ጋሽ ውዱ ቀና ብለው አዩት። ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት፤ የአቃፊውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። «ከመጀመሪያው ማመልከቻ እንነሣለን።»