ሙሽራዋ ያየቻት ድንቢጥ

ሰው በሰው ሀብት፣ በሰው ትዳር፣ በጎረቤት በሬ ሳይቀር ሲቀና ሰምታችኋል። በወፍ ምክንያት የቀና ሰው ግን ሰምታችሁ አታውቁ ይሆናል። እንግዲያው ተዋወቁኝ።

እኔ ወፍ ተመልካች ነኝ። መምህር አልነበረኝም፤ ያስተማሩኝ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ መጽሐፍና ስልኬ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በደብረ ማርቆስ መናፈሻ አንዲት የድንቢጥ ዘመድ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ላስረዳችሁ። አገሯ ሩቅ ሰሜን ነው፤ እዚያ በረዶ ሲጥል እኛ ጋ ፀሐይ ነውና ብርዱን ሸሽታ ትመጣለች። ከተማ ውስጥ ግን እምብዛም አትታይም። ክንፏ ላይ ደግሞ... እሺ፣ ይብቃ፤ ጓደኞቼም የሚያቋርጡኝ እዚህ ላይ ነው።

ጥር እንደምታውቁት የሠርግ ወር ነው። ጓደኛዬ ይበልጣል የአምበር ከተማዋን ልጅ ስመኝን ሲያገባ ሚዜው ነበርኩ። መናፈሻው ሄደን ፎቶ ተነሳን፤ እኔም ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ካሜራው ላይ አፈጠጥኩ። በሳምንቱ አልበሙ መጣ። በአንዱ ፎቶ ሁላችን ወደ ፊት ስናይ ስመኝ ብቻ ባሏን ትታ ወደ ጎን ታያለች፤ ያውም ፈገግ ብላ። እንዲያ ያለ ፈገግታ በሌላው ፎቶ ሁሉ ቢፈለግ አልተገኘም።

ይበልጣል ቤቱ ጠራኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«በዚያ በኩል ማን ነበር የቆመው?»

«ማንም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ታዲያ ማንን አይታ ነው ጥርሷን የምታሳይ?»

«ወፍ ነው አልኩህ እኮ!» አለች ስመኝ ከጓዳ ብቅ ብላ። ስታለቅስ ቆይታለች። ወደ እኔ ዞረች፦ «ጉሮሮዋ ቢጫ፣ ዓይኗን ዙሪያውን በቢጫ የተኳለች ድንቢጥ። አንተ እንኳ ንገረው፤ ወፍ አዋቂ ነህ አሉ።»

ራሷ ናት! እኔ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቼ ያላገኘኋትን እሷ በሠርጓ ቀን፣ ቬሎ ለብሳ፣ ሳትፈልጋት አየቻት! እና ምን ብል ጥሩ ነው?

«እንዲህ ያለች ወፍ እዚህ የለችም። ብትኖር እኔ አያት ነበር።»

ስመኝ ሻንጣዋን አወጣች።

የሰው ትዳር በእኔ ምላስ ሲፈርስ ቆሜ ማየት አቃተኝ። ፎቶ አንሺው ዘንድ እየሮጥኩ ሄጄ በዚያ ፎቶ ላይ ወፍ አልነበረችም ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ያቺ ነጠብጣብ ነገር? ፎቶው እንዲጠራ ብዬ አጠፋኋት» አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

ያልነካካውን ከፈተልኝ። ከትከሻዬ አንድ ክንድ ርቃ፣ ቅርንጫፍ ላይ፣ እንደተኳለች ቁጭ ብላለች። እኔ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው።

ፎቶውን በስልኬ ይዤ ስመለስ፣ ስመኝ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ደረስኩባት። ይበልጣል ፎቶውን አየ፤ አፈረ፤ ሻንጣውን ከእጇ ተቀበላት። እኔም ይቅርታዬን ጠይቄ ሳበቃ፣ ነገሩ እንዲለዝብ ብዬ ስለ ወፏ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ከየት እንደምትመጣ፣ ምን ያህል በረሃ እንደምታቋርጥ። ስመኝ በትዕግሥት ሰማችኝና፣

«አይ የኛ ሚዜ! ይህን ሁሉ አውቀህ እንዴት ሳታያት ቀረህ?» አለች።

ይበልጣል ከት ብሎ ሳቀ። ፊቱ በራ፤ ቅናቱ ለቀቀው ማለት ነው። ቅናት ግን ከአንዱ ሲወጣ ሜዳ ላይ አያድርም መሰለኝ፤ ቅርብ ያገኘው ሰው ላይ ይሰፍራል።

በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።