ሊቀ ሞተራትና ዳገት እምቢ ያለው ቤታችን

የመኪና ኮፈን ሲከፈት ከመሬት የሚበቅል ሰው አለ። ማንም አልጠራውም። አንተ ኮፈኑን በዘንጉ ደግፈህ ሳታቆም እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አጠገብህ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። በየሰፈሩ አንድ አለ። ሁለት ካሉማ መኪናው አለቀለት።

የኛ ሰፈሩ ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ መኪና ኖሯቸው አያውቅም፣ ሰፈሩ ግን ሊቀ ሞተራት ይላቸዋል። «የስፌት ማሽንና ሞተር ወንድማማች ናቸው» ይላሉ። «ልዩነቱ ጎማው ነው።»

አመረማመራቸው ግርማ አለው። መጀመሪያ መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ከዚያ የረጅም ካቻቢቴ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚህ ሰዓት መሳቅ ክልክል ነው። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦ «ታፍኗል!» የዳቦ ቤቱ መኪና ታፍኗል። የጎረቤት ታክሲም ታፍኗል፤ ኋላ ሲታይ ቤንዚን ጨርሶ ነው። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሲያስል ሰምተው «ታፍኗል» አሉ፣ ያን ቀን እንኳ ልክ ነበሩ።

እኛ ደግሞ አባቴ ጡረታ ሲወጣ የገዛው አሮጌ የቤንዚን መኪና አለን። ከኋላው አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁምሳጥን፣ መጋረጃ ሳይቀር አለው። ጎማ ያለው ቤት በሉት። እናቴ «ቤት ከሆነ ጫማ ይወልቃል» ስላለች እስከ ዛሬ በካልሲ ነው የምነዳው።

ሰሞኑን ይሄ ቤት ጉልበት ከዳው። ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ዳገት ሲያይ ያለቅሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀን እንተወው ነበር። አሁን ግን እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳገቱ ማዶ ያለው ሆስፒታል ተኝታለች። ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፣ ነገ ትወጣለች፣ ግን ሐኪሙ «ተኝታ እንጂ ተቀምጣ እንዳትሄድ» አለ። አልጋ ያለው መኪና ያለን እኛ ነን። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ነጂዋ እኔ ነኝ። ዳገቱን ስሞክረው መሃል ላይ ብስክሌቱን የሚገፋ ሰውዬ ቀደመኝ፣ ዞሮም «አይዞሽ» አለኝ። እናቴን ጭኜ እዚያ ጋ ቢቆምብኝስ? ወደ ኋላ ቢንሸራተትስ? መኪናውን አዙሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

መካኒኩ «ከነገ ወዲያ ነው የሚመቸኝ» አለ። ሊቀ ሞተራት ግን ምን ጊዜም ይመቻቸዋል።

«ታፍኗል!»

የአየር ማጣሪያውን አወጡ፣ ንጹህ ነው። ካንዴላዎቹን እየፈቱ በመሐረባቸው ወለወሉ። የካርቡሬተሩን ቀዳዳ በስፌት መርፌ ጎረጎሩ። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ እየዞሩ ኮረኮሙት። ሞከርነው፣ ያው ነው።

«ይሄማ ሥር የሰደደ መታፈን ነው» አሉ።

አባቴ «ጋሼ፣ በቃ መካኒኩን እንለምነው» ቢላቸው ተቆጡ። «መካኒክ መች ያዳምጣል? ዝም ብሎ ይፈታል እንጂ!»

የመኪናው ሞተር ሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል፣ ክዳን ሥር ነው ያለው። ጫማቸውን አወለቁና ገብተው ክዳኑን አንስተው ተንበረከኩ።

«ቤንዚን ስጪው! እስከ መጨረሻ!»

«ሰጠሁት እኮ ጋሼ!»

«ምኑን ሰጠሽው! እያየሁት፣ ካርቡሬተሩ ግማሽ እንኳ አልተከፈተም። እግርሽ ፈራ እንዴ?»

«ረግጫለሁ አልኩ! ወለሉ ጋ ደርሷል!»

እጃቸውን በእግሬ ሥር ሰደዱ። ዳበሱ። መነጽራቸውን ወለወሉና እንደገና ዳበሱ።

«ይሄ ወለል አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ሱፍ ነው።»

እናቴ አሮጌ ምንጣፍ አውጥታ አትጥልም፣ ባረጀው ላይ አዲስ ትደርባለች። ከመውደቋ በፊት በእጇ የሠራችውን ወፍራም ምንጣፍ፣ እግሬን እንዳይበርደኝ ብላ ፔዳሎቹ ሥር አንጥፋልኝ ነበር። ቤንዚን መስጫው ግማሽ መንገድ ይሄድና እሱ ላይ ጋደም ይላል። እኔ ወለል መስሎኝ።

«ሱፍ... ከሥሩ ጥጥ... ይሄኛው ደግሞ የድሮ መጋረጃችሁ ነው!» እያሉ ጎትተው አወጡት። ሱፉን ግን አገላብጠው አዩና «እጇ ግሩም ነው» አሉ።

በማግስቱ ዳገቱን በረርንበት። እኔ እስቃለሁ፣ አባቴ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አብረውን የመጡት ሊቀ ሞተራት ለቤንዚን ቀጂውም፣ ለሆስፒታሉ ዘበኛም ያወራሉ፦ «ሦስት መካኒክ ያቃተውን እኮ ነው!» አንድም መካኒክ አላየውም።

እናቴን አልጋው ላይ አስተኛናት፣ ምንጣፉንም ጠቅልለን ጎኗን ደገፍንበት። መንገድ ስንጀምር እየዳሰሰችው «መኪናው እምቢ አለ ሲሉኝ ተጨንቄ ነበር። ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እኔ ማርሽ ቀየርኩ። አባቴ መጋረጃውን አስተካከለ። ሊቀ ሞተራት ዕድሜ ልካቸውን በትክክል ያገኙት ብልሽት ይሄ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱን የሚጠይቃቸው ሰው ደግሞ ይኸው ፊታቸው ተኝቷል። አፋቸውን ከፈቱ። ምንጣፉ ላይ ያለውን እጇን አዩ።

«እንጃ እህቴ» አሉ። «ነካካሁት ነካካሁትና በራሱ ተነሳ።»

«አንቱ የማያውቁት ብልሽትም አለ?» ብላ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ መስማቴ ነው።

በመስታወት አየኋቸው። ከንፈራቸውን ነክሰዋል፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ ወሬው ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነው። ሰውዬው ሳይፈነዱ ቤት እንድንደርስ ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት።